አባትሽ አረፉ

እኔ እታገኝ፣ መቲ ተወልጄ ጋምቤላ ከተማ አማርኛ ሳስተምር ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ምላሴ ፈጣን ስለሆነ ተማሪዎቼ ይፈሩኛል፤ እኔም አልጠላውም። ከአንዷ ተማሪዬ፣ ከኛዌች በቀር። እሷ አማርኛ የለመደችው ገበያ ውስጥ ነው፤ «አንቺ ቲቸር» ትለኛለች፣ አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም። ግጥም ቤት ይመታል ብዬ ሳስተምር እጇን አወጣችና «ቤቱ ምን አጠፋ?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልቆጣ ብዬ እኔም ሳቅሁ።

አባቷ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ታመው ነበር። ከሳቸው ሌላ ሰው የላትም። በየቀኑ በረፍት ሰዓት እየወጣች ትሄድላቸዋለች። ሕመሙ እንቅልፍ ነስቷቸው ሳምንት እንዳለፈ ነግራኛለች። ስልክ ስለሌላት የኔን ቁጥር ለጤና ሠራተኛው ሰጠች። «አንቺ ቲቸር፣ የሆነ ነገር ከመጣ ቶሎ ንገሪኝ። ብቻውን እንዳይሆን» አለችኝ። ቃል ገባሁላት።

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጤና ሠራተኛው ጌዴዎን ደወለ። አባቷ ሞተዋል። ሙቀቱ አያቆይምና ቀብሩ ስምንት ሰዓት ስለሆነ ቶሎ ላኪያት አለኝ።

ከክፍል ጠርቼ ማንጎው ሥር አቆምኋት። «ሞተ» የሚለውን ቃል አልወደውም፤ ሰው ፊት ላይ የሚወረወር ነገር ይመስለኛል። «አይዞሽ ኛዌች» አልኋት። «አባትሽ አረፉ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ዛሬ አረፈ?»

«ዛሬ ጠዋት። እግዜር ያጽናሽ።»

«አሜን። እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ፈገግ አለች።

በእምነቷ ቀናሁ። ስለ ቀብሩ ለማንሳት ደግሞ አፌ እምቢ አለ፤ «በይ ቶሎ ሂጂ» ብቻ አልኋት። «ግጥሜን ላንብብና» አለች። ሐዘን ሰውን እንዲህም ያደርጋል ብዬ ተውኋት።

ክፍሉ ፊት ቆማ አነበበች፦

አባቴ ታንኳ ነው፣ ወንዝ ያሻገረኝ፤
እሱ ውሃ ገብቶት፣ ደረቅ ያስቀረኝ።

«አያችሁ?» አልኩ። «አባቷን ታንኳ ስትል ተለዋጭ ዘይቤ ነው። ቤቱንም መታችው።» አጨበጨቡላት። ደብተሯን ሰብስባ ወጣች፤ እኔ በቀጥታ ጀዊ የሄደች መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ከመምህራን ጋር ለለቅሶ ሄድን። ኛዌች መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ከጎኗ አንድ ፌስታል ብርቱካን አለ። ጌዴዎን ገለል አድርጎ ነገረኝ። ማክሰኞ የደረሰችው ዐሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ገበያ ዞራ ብርቱካን ገዝታላቸው። እንዳትቀሰቅሳቸው ጫማዋን አውልቃ ነው የገባችው። አልጋው ባዶ ነበር።

አፌን በቆረጠው። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«አረፈ አልሽኝ» አለች ቀና ሳትል። «ሕመሙ ተወው፣ ተኛ ብዬ ነው። ይተኛ ብዬ ቆየሁ።»

ዐሥራ አንድ ዓመት ዘይቤ ሳስተምር ይህን አንዱን አስተምሬ አላውቅም፤ ዘይቤ መሆኑንም ረስቼው ነበር።

«ሁሉም ሰው አረፈ፣ አረፈ ይለኛል» አለች። «አንቺ ቲቸር ነሽ። በትክክል ንገሪኝ።»

እጇን ያዝሁ። አንቱታውንም ተውሁት።

«አባትሽ ሞተ» አልኋት።

ያኔ አለቀሰች።