መጀመሪያ የሚነበበው

"ይቺን አንቀጽ አውጫት" አለ ዲኑ፣ ዶክተር ምናሴ። "ከሰዓት በጉባኤው ፊት መሳቂያ አታድርጊኝ።"

ሔራን አላወጣቻትም። የቋንቋ፣ የታሪክና የፎክሎር መምህራን ምርምር የሚመዘንበትን መስፈርት እንድታረቅቅ የታዘዘችው እሷ ናት። አንቀጿ የምትለው ብዙ አይደለም፤ መምህሩ ከሥራዎቹ የሚኮራበትን አንዱን ያምጣ፣ ሰው አንብቦት ይፍረድ ነው። ምሁር ሰብስቦ አንብቡ ማለት ግን ድፍረት ነው።

"ጽሑፍ ይቆጠራል፣ ነጥብ ይደመራል፣ አለቀ። በነጥብ ከሄድን እኮ አንደኛ አንቺ ነሽ፤ ተባባሪ ፕሮፌሰርነቱ በእጅሽ ነው። ምን ሆነሽ ነው የመጣልሽን ዕድል የምትገፊው?"

"ላስብበት ዶክተር" ብላ ወጣች።

መቀመጥ አቃታት። ምሳም አልበላችም። በዘንባባዎቹ ሥር እስከ ሐይቁ ዳር ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። በነጥብ ከተቆጠረ እሷ ትሾማለች፣ አብዱልበሲጥ ደግሞ ከሥራ ይወጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው። አብዱልበሲጥ የሥራ ባልደረባዋ፣ የወረታ ልጅ ነው። የሐይቁን ዳር ሴቶች መንዙማ ሲሰበስብ ኖሮ ያሳተመው አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ብቻ ነው። የጻፈውን ይዞ ተመልሶ ለሴቶቹ ያነብላቸዋል፤ "እንዲህ አላልንም" ካሉት ቀድዶ እንደገና ይጀምራል። በአንቀጿ ከተሄደ ያ መጽሐፍ ይበቃዋል። በቁጥር ከተሄደ ግን ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ስሙ የሌለ ሰው ነጥብ የለውም።

ሐይቁ ዳር ሻይ ይዞ ተቀምጦ አገኘችው።

"መጽሐፉን ቆራርጠህ በእንግሊዝኛ ለምን አታወጣውም? ስንት ጽሑፍ ይወጣዋል እኮ!" አለችው፤ ተናዳበታለች።

"እንግሊዝኛውን መንዙማውን ላሰሙኝ ለእማማ ሀቢባ ምን ብዬ ላንብብላቸው?" ብሎ ሳቀ። "ያላሰማሁትን አላሳተምሁም፤ ወደፊትም አላሳትምም።"

"ሲያባርሩህስ?"

"ያባርሩኝ። ያንቺን የአንበሳሜ ሙሾ ጽሑፍ ግን ወድጄዋለሁ። አልቃሾቹ ሲሰሙት ምን አሉ?"

ክፋት አልነበረውም፤ የምሩን ነው የጠየቃት። ሔራን የአልቃሾቹን ድምፅ ቀርጻ ከተመለሰች ወዲህ አንበሳሜን ደግማ አላየቻትም። ያንኑ ሙሾ እያገላበጠች በእንግሊዝኛ ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ አውጥታበታለች፤ ነጥቧም ከዚያ የመጣ ነው። አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ "እንዲህ አላልንም" ይሉኛል ብላ ፈራች።

ጉባኤው ላይ አንቀጿን ሳታወጣ አነበበች። አዳራሹ አጉረመረመ። ምናሴ ፈገግ ብሎ ዙሪያውን ቃኘ።

"መልካም፤ እንሞክረው። የማን ሥራ ቀድሞ ይነበብ?"

ሁሉም ስልኩን መነካካት ጀመረ። አብዱልበሲጥ እጁን ሊያነሣ ሲል ሔራን ቀደመችው።

"የእኔ። የአንበሳሜው ሙሾ።"

"ንባቡ እስኪያልቅ ሹመትሽ ይቆማል፤ ገብቶሻል?" ፈገግታው ጠፍቷል።

"ይቁም። አንባቢው አብዱልበሲጥ ይሁን። ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ግን አይደለም። ወደ አማርኛ እመልሰውና አንበሳሜ ሄዶ ለአልቃሾቹ ያንብብላቸው። እኔም ከሴቶቹ መሐል ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።"