ሮብሌ በሳንባ ምች ጊዜ የተናገረው

ሮብሌ አውበሬ ከተማ ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ፣ አንዴ የተናገረውን የማያጥፍ ሰው ነው። ልጁ ሆዳን ሹፌሩን አደንን ላግባ ስትለው፣ «መንገድ ላይ ለሚያድር ሰው ልጄን አልሰጥም» ብሎ ነገሩን ከዘጋው ወራት አልፈዋል።

አንድ ቀን ግን ሌላ ሰው ሆኖ ተነሳ። በጠራራ ፀሐይ ለመግሪብ፣ ለምሽቱ ሶላት ውሃ አምጡልኝ አለ። ሚስቱን ደሃቦን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። አላሳለውም፣ ደረቴን አመመኝም አላለም፤ ትንፋሹ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይል ነበር። ከጎረቤቱ ገሚሱ ጂን ነው አለ፣ ገሚሱ እርጅና ነው። ሆዳን ማንን እንደምታምን ግራ ገባት። ጅጅጋ ሐኪም ቤት እንውሰደው ብላ መኪና ፍለጋ ብትወጣ ያገኘችው የአደንን ብቻ ነበር።

አባቷ አልሳፈርም እንዳይል ፈርታ ነበር። እሱ ግን ገብቶ እንደተቀመጠ የአደንን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገና እየሳቀ፣ «ልጄ፣ ሆዳንን መቼ ነው የምትወስዳት? እኔ እኮ ፈቅጃለሁ» አለው።

አደን መሪውን እንደያዘ ዞር ብሎ ሆዳንን አየ። ደሃቦ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሐኪሙ ዶክተር ፋኑኤል የሮብሌን ጀርባ አዳመጠ፣ ራጅ አስነሳው። «የሳንባ ምች ነው» አለ።

«ዶክተር፣ እሱን ያመመው እኮ ጭንቅላቱን ነው» አለች ሆዳን።

«በእሳቸው ዕድሜ ሳያስል ሊመጣ ይችላል። የሚያዘባርቃቸው ኢንፌክሽኑ ነው። አንቲባዮቲኩ መሥራት ሲጀምር ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ።»

መድኃኒቱ በደም ሥሩ ይሰጠው ጀመር። ሆዳን አልጋው አጠገብ ተቀምጣ አባቷ እንዲድን ዱዓ ታደርጋለች። ሲድን ያ ቃል ከበሽታው ጋር ይሄድ ይሆን እያለችም ታስባለች። ይህን በማሰቧ ታፍራለች፣ መልሳ ደግሞ ታስባለች።

ሮብሌ ተሻለው። ሊጠይቀው የመጣውን አደንን ሲያይ ግን «ይሄ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» አለ።

ቤት ከገቡ በኋላ ዶክተሩ እስኪያልቅ እንዳያቋርጥ ብሎ ያዘዘለትን የኪኒን ፍሬ ሮብሌ አልውጥም አለ። «ደረቴን ሳያመኝ የደረት መድኃኒት ለምኔ ነው?»

«አቦ፣ ትዘባርቅ ነበር እኮ» አለችው ሆዳን አባቷን።

«ምን አልኩ?»

ሆዳን አንገቷን ደፍታ ነገረችው።

«አላስታውስም» አለ ሮብሌ። «እኔ ልበለው በሽታው ይበለው፣ በምን አውቃለሁ? ስናገር ተቆጥቼ ነበር?»

«አይ፣ እየሳቅክ ነበር።»

ፍሬውን ዋጠና ውሃ ጠጣበት። ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «ጥሪውና ጤነኛ ሆኜ ምን እንደምለው ልየው» አለ።

አደን መጣ። ሮብሌ ስለ መንገዱና ስለ መኪናው ጠየቀው እንጂ ስለ ጋብቻ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሲሸኘው ግን፣ «ነገም ና» አለው። ሆዳን እናቷን አየች፤ ደሃቦም እንደሷው ግራ ተጋብታ ትከሻዋን ሰበቀች።