ለአማት የተነገረ ዕድሜ

አባቴ ማንም ሂድ ሳይለው ኮቱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

"ዶክተሩ ፈቀደልኝ" አለኝ።

"አልፈቀደም፤ ገና እየደመረ ነው።"

ዘመኑ በፈረንጆቹ 2008 ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ኢር ያሚም በሚባለው ሰፈር ለሥራው የአንዱን ሕንፃ ደረጃ ሲጠርግ ትንፋሽ አጥሮት ተቀመጠ፤ አምቡላንስ አመጣው። ሳንባው ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። እኔ የሦስተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ ነበርኩ፤ ስለዚህ ዶክተር ኖአም የአደጋ መመዘኛ ወረቀቱን ለእኔም አሳየኝ። ዕድሜው እንዳለ ይጻፋል፤ ወንድ ከሆነ አሥር፣ እንደ አባቴ የቆየ የሳንባ ሕመም ካለበት አሥር፣ የልብ ምቱ ከፈጠነ ወይም የደም ግፊቱ ከወረደ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ድምሩ ከሰማንያ አምስት ካላለፈ በሚቀጥለው አንድ ወር የመሞት አደጋው ትንሽ ነው፤ ደም የሚያቀጥነውን መርፌ ቤቱ ሆኖ መወጋት ይችላል።

"ስድሳ ሁለት፣ አሥር፣ አሥር። ሰማንያ ሁለት" አለ ኖአም። "ትወስዱታላችሁ።"

ስድሳ ሁለቱ የመጣው ከመታወቂያው ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1946። በሰፈራችን በኤይን ሀትኽሌት ካሉት ሽማግሌዎቻችን ግማሾቹ የተወለዱት ጃንዋሪ አንድ ቀን ነው። ከጎንደር ወደ ቅድስቲቱ ምድር ሲመጡ ዓመቱን እንጂ ቀኑን የሚያውቅ ስላልነበረ የመዝገብ ጸሐፊዎቹ ሞሉላቸው። ዓመቱንስ ማን ሞላው? ጠይቄ አላውቅም ነበር።

"አባ፣ የተወለድከው መቼ ነው?"

"መታወቂያው ላይ አለ።"

"መታወቂያውን አልጠየቅኩም።"

እናቴን ዓይናዲስን ሰረቅ አድርጎ አየ። መስኮቱ ዘንድ ቆማ ከአክስቴ ጋር በስልክ ታወራለች።

"ውሃ አምጭለት በያት" አለኝ ዝቅ ብሎ።

"ውሃው አጠገብህ ነው።"

"ሌላ ውሃ።"

እናቴ ስትወጣ ተናገረ። "ጣሊያን ጎንደር ሲገባ የአራስ ቤት ልጅ ነበርሁ። እናቴ አዝላኝ ነው የሸሸችው።"

"ሰባ ሁለት ዓመትህ ነው!"

"ቀስ በይ እንጂ!"

"መንግሥትን ለምን ዋሸህ?"

"መንግሥትን መቼ ዋሸሁ? አማቴን ነው። 'ሠላሳ ላለፈው ልጄን አልሰጥም' አለ። ሠላሳ ዘጠኝ ነበርሁ፤ ሃያ ዘጠኝ አልሁ። ኋላ ስንመዘገብ እናትሽ አጠገቤ ቆማ ምን ልበል?"

"ድምርህ ዘጠና ሁለት ነው። እዚህ ትቆያለህ።"

"አትንገሪው፤ ለእናትሽ ይደርሳል።"

"ብትሞትስ?"

"ከሞትሁማ አትቆጣኝም።"

ኖአምን ጠርቼ ነገርኩት። አባቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰርዞ ጻፈ። "ሰባ ሁለት ከሆነማ ይቆያል።"

እናቴ ውሃውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። "ማን ነው ሰባ ሁለት?"

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

"አሁን ታመመ" አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። ውሃውን አስቀመጠች። "ከአምስት ዓመት በፊት ጡረታ መውጣት የሚገባህ ሰው! አምስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣሁ ምሳ ስቋጥርልህ!" ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምትለው።

"አባትሽ ሠላሳ ካለፈው..."

"አባቴ? እሱ ለስልሳ ዓመት ሽማግሌም ይሰጠኝ ነበር። ሠላሳ ያልኩት እኔ ነኝ። ባውቅ እምቢ እልህ ነበር።"

"ይህንንማ አውቅ ነበር" አለ አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ለዚህም አይደል የዋሸሁት።"

እናቴ ኮቱን አውልቃ፣ አስተኝታ፣ ብርድ ልብሱን ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቃ ጠቀጠቀችበት።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ግፊቱ ወረደ። ማሽኑ ጮኸ፤ ነርሶቹ ወዲያው ደረሱ፤ ኖአም መድኃኒቱን ቀየረ። ያ ወረቀት ስለ አንድ ሰው ምንም እንደማይናገር፣ ከብዙ ሰው ስንቱ እንደሚሞት ብቻ እንደሚናገር ተምሬያለሁ። ቢሆንም ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ቤታችንን አሰብኩ፤ ቀትር ላይ እናቴ ሥራ ላይ፣ እኔ ትምህርት ላይ፣ እሱ ብቻውን። ግፊቱ እስኪመለስ አልተቀመጥኩም።

በአራተኛው ቀን አዲስ ነርስ ቅጽ ይዛ መጣች፤ ዕድሜውን ጠየቀችው።

"ሰባ ሁለት" አለች እናቴ ቀድማው። "ሽማግሌ ነው፤ ጮክ ብለሽ አናግሪው።"

የአባቴ ጆሮ ምንም አልሆነም። ነርሷ ግን ጮኸችበት፤ እሱም እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ዘንበል አለላት።