እጀ ወርቁ አማች

«ምድጃው ጠፋ!» አለች ሐዲጃ ከጓዳ ብቅ ብላ። ጎረቤት ናት፤ አማረች ከተቀበረች ጀምሮ፣ ይኸው ሁለት ቀን፣ ከሐዘን ቤቱ ጓዳ አልወጣችም። «ሽቦው ተበጥሷል። ሽሮው ገና ጥሬ ነው፤ ከሰል እንደሆን ከገበያ ከጠፋ ሰነበተ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ሟቿ ባል፣ ወደ ላቀው ዞረ።

«ተመስገን፣ ባለሙያው እዚሁ ነው» አሉ አያ ቢሻው። የአማረች ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከድብ ባሕር በእህል ማኪና ተጭነው የደረሱት ያን ዕለት ጠዋት ነው። «እህቴ ዕድሜ ባታገኝ ዕድል አግኝታለች። እጀ ወርቅ ነው ያገባች።»

ላቀው አንገቱን ደፋ። ሰው ሐዘን መሰለው። እርግጥ ሐዘንም ነበረበት፤ ግን ሐዘን ብቻውን ጆሮ አያቀላም።

«ምነው፣ ሐዘንተኛ ሥራ ይነካል እንዴ!» አሉ አንዲት ባልቴት። ላቀው በልቡ መረቃቸው።

«ለለቀስተኛ እራት እኮ ነው፤ ነውር የለውም» ብሎ ፈረደበት የቀበሌው ሊቀ መንበር። «ጓድ ላቀው ኮከብ ሠራተኛችን ነው፤ የምስክር ወረቀቱን የፈረምሁት እኔ ነኝ!»

መፈረሙንስ ፈርሟል።

ነገሩ የጀመረው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ላቀው የመዝገብ ቤት ሰው ነውና ከብዕር የከበደ መሣሪያ አንሥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ፣ አማረች የተበላሸውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ገልብጣ፣ ብሎኖቹን በሽንኩርት ቢላዋ ፈትታ፣ አዲስ ሽቦ ስትዘረጋ አገኛት። ምድጃው ተሰክቶ ፍም ሲመስል ጎረቤት ገባችና «ማን ሠራው?» አለች።

«እሱ ነዋ» አለች አማረች።

ላቀው ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ጉሮሮ መጥረግ አምስት ዓመት ፈጀ።

ማታ «ምነው እንዲያ አልሽ?» ቢላት፣ «ሴት ኤሌክትሪክ ነካካች ከተባለ ማን ምድጃውን ያምነኛል? አንተ ስሙን ያዝ፤ እኔ ሥራውን ልያዝ» አለችው። ከአዲስ ዓለም እስከ ቅዳሜ ገበያ ያለ የጎንደር ምድጃ ወደ ቤታቸው ጎረፈ። እሷ በሯን ዘግታ ትሠራለች፤ እሱ እጅጌውን ሰብስቦ በረንዳ ላይ ያስረክባል። በአብዮት በዓል ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ ተጨብጭቦለት የመጣ ዕለት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ሸጋ ነው፤ በርታ!» አለችው። አንድ ቀን ቀንታበት አታውቅም።

አሁን ምድጃው መጥቶ እግሩ ሥር ተቀመጠ። ሐዲጃ ካቻቢቴና አዲስ ሽቦ አቀበለችው። አያ ቢሻው የእጀ ወርቁን እጅ ሊያዩ ጠጋ አሉ። ላቀው ሽቦውን አየው፤ ሽቦውም አየው። «እጄ ተንቀጠቀጠ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ግን አያ ቢሻው ድብ ባሕር ሲመለሱ የሚያወሩት ስለ አማቻቸው እጅ ሊሆን ነው። አማረች ሁለተኛ ልትቀበር ነው።

«አያ ቢሻው፣ እኔ አላውቅበትም» አለ።

«ምኑን?»

«ምድጃውን። ብሎን መፍታት እንኳ አላውቅም። ሁሉንም የሠራችው እሷ ናት። እኔ ጉሮሮዬን ነው የጠረግሁ።»

ሊቀ መንበሩ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን መመርመር ያዘ።

«የኔዋ አማረች?» አሉ አያ ቢሻው።

«የእርስዎዋ።»

ሽማግሌው ከመጡ ጀምሮ እምቢ ያላቸው እንባ ከሳቅ ጋር ተቀላቅሎ ወረደ። «ልጅ ሳለች የአባታችንን ጠመንጃ ፈታታ ገጥማ ተገርፋለች እኮ! ያሳበቅሁባት እኔ ነኝ!»

«እኛማ እናውቅ ነበር» አለች ሐዲጃ። «የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያውቃል። ‹ባሌን እንዳታሳፍሩብኝ፤ ደስ ብሎታል› ብላ አደራ ስላለችን ነው ዝም ያልን።»

አምስት ዓመት ሙሉ ሴቶቹ «እጅህ ይባረክ» ሲሉት ዓይናቸው ወደ ጓዳው ነበር ለካ።

«ታዲያ አሁን ለምን ዝም አልሽ?» አላት ላቀው።

«ትናገር እንደሆን ልይ ብዬ ነዋ! በል ተነሥ ጋሼ ላቀው፣ እኔን አስተምራኛለች። እንካ ይኸን ክር፤ በሸክላው ቦይ ውስጥ አዙረህ ለካ። ሽቦውን በክሩ ልክ ሳብ። እኩል እኩል! አንድ ቦታ ከሳሳ እዚያው ላይ ይበጠሳል።»

ሳበ። «እኩል አልሁህ!» ተባለ። እንደገና ሳበ። ሽቦው ቦዩ ውስጥ ተኛ፤ ሐዲጃ ጫፎቹን አጠበቀች፤ ተሰካ። ሽቦው ቀስ ብሎ ሲቀላ ሰዉ እሰይ ሊል አፉን ከፈተና፣ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት መልሶ ዘጋ።

ሽሮው በስሎ ሲወጣ ላቀው «ድስቱን እኔ ላውርድ» አለ። አውራ ጣቱ የጋለውን ሸክላ ነካ።

«ውኃ አምጡለት!» አለች ሐዲጃ። «እሷም በመጀመሪያው ቀን እዚያው ጣቷ ላይ ነው የተቃጠለች።»

ውኃው መጣ። ላቀው ጣቱን አልነከረም። የሰው እጅ እንደሚያዝ አድርጎ በሌላኛው እጁ ያዘው፤ ለቀስተኛው በልቶ እስኪነሣም አልለቀቀው።