የቀኙ ነው

መኪናዋ ማጉረምረም ከጀመረች ሦስት ሳምንት አልፏታል። ቀስ ብለው ሲነዷት ጨዋ ናት፤ ፍጥነት ሲጨምሩ ግን ከፊት በኩል፣ ከወለሉ ሥር፣ እንዳኮረፈች አክስት «ዉዉዉ» ትላለች። መኪናዋ የልጅቷ ናት። ልጅቷ ስንል ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ የውኃ መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ አሥር ዓመት ሠርታለች፤ ፀጉሯ ላይም ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ለአባቷ ግን አሁንም «ሚጣ» ናት። ስልሳ ሲሞላትም ሚጣ መሆኗ አይቀርም።

አባቷን ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይላቸዋል። ሕክምና የሚባል አልተማሩም፤ አርባ ዓመት ጋራዥ ውስጥ የኖሩ መካኒክ ናቸው። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተር ላይ አሳርፈው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ያየ ሰው ነው ስሙን ያወጣላቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሰው መኪናውን እየነዳ በራቸው ድረስ ይመጣል። እሳቸው «ይሄ ነው» ካሉ ይሄው ነው። ነፍሳቸውን ይማርና እናቷ እንኳ በሁሉም ነገር ሲሟገቷቸው ኖረው፣ በመኪና ጉዳይ ግን አፋቸውን ይይዙ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ መኪናዋን ይዘው ወጡ። መሪውን የያዙት አባት ናቸው። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሲደርሱ ፍጥነት ጨመሩና ወደ ቀኝ ጠምዘዝ፣ ወደ ግራ ጠምዘዝ ያደርጓት ጀመር። ይህ ማንኛውም መካኒክ የሚያውቀው ምርመራ ነው። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ክብደቱ ግራው ጎማ ላይ ይወድቃል፤ የግራው ኩሽኔታ፣ ዘንጉ ጎማው ውስጥ የሚገባበት ባለ ኳስ የብረት ቀለበት፣ ተበልቶ ከሆነ ጩኸቱ ያን ጊዜ ይብሳል። ወደ ግራ ሲታጠፉ ደግሞ የቀኙ ይናገራል። አባቷ መሪውን በጠመዘዙ ቁጥር መንገዱን ትተው የእሷን ፊት ያዩ ነበር።

«አባባ፣ ወደ ፊት ይመልከቱ እንጂ! ልንሞት ነው እኮ!»

እሷ ግን በዚያን ቀን ፊቷን ቆልፋዋለች። ምክንያት ነበራት። ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያስቆጠረ ደብዳቤ አለ። የዘጠኝ ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ ከተማ፣ አዲስ ላቦራቶሪ፣ የኃላፊነት ቦታ። ሰኞ ጠዋት ካልተገኘች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ለአባቷ የነገረቻቸው «የሦስት ቀን ሥልጠና አለብኝ» ብላ ነው። የሦስት ቀን ሥልጠና፣ ያላት ልብስ በሙሉ የታጨቀበት ሁለት ሻንጣ! አባቷ ደግሞ ከፊቷ ላይ ነገር ለቀም ማድረግ ያውቁበታል። ስለዚህ ቅንድቧን እንኳ ሳታነቃንቅ እንደ ግድግዳ ተቀመጠች።

ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ጩኸቱ ጥርስ ያንገጫግጭ ነበር። ግራው ነው፣ አለች በልቧ።

«የቀኙ ነው» አሉ አባቷ መኪናዋን ዳር አስይዘው።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለች በመስኮት ወደ ውጭ እያየች።

መልስ አልሰጧትም። ተቆጡ ብላ ደግማ አልጠየቀችም። አርባ ዓመት ያዳመጠ ጆሮ እያለ የእሷ ጆሮ ምን ቤት ነው?

ኩሽኔታውን መንገዱ ማዶ ካለው የመለዋወጫ ሱቅ ገዙ። እንደ ወትሮው ሱቅ ውስጥ የተናገረችው እሷ ናት። «አንቺ ጠይቂው፣ እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቶኛል» ይላሉ አባቷ፤ ሲሰለቻቸው ደግሞ ሁለት ዓመት ሆነ። ቤት እንደገቡ ኩሽኔታውን በላስቲክ ጠቅልለው ፍሪጅ ውስጥ በረዶው ክፍል አሳደሩት። ብረት ሲበርድ ይኮማተራልና ነገ ሳያስቸግር መቀመጫው ውስጥ ይገባል። ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ሥጋ ልታወጣ እጇን ስትሰድ መጀመሪያ የጨበጠችው እሱን ነበር።

መኪና የሚሠራበት ቦታ የግቢው በር ሥር ያለችው ሲሚንቶ ናት። ሌላው አፈር ስለሆነ ክሪኩ ይሰምጣል። ችግሩ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት የብረት በር መሆኑ ነው። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጋ ከቆመች በሩ ከስንዝር ተኩል በላይ አይከፈትም። አባቷ እንደ ሸንበቆ ቀጥነዋልና በጎን ሾልከው ያልፋሉ። ልጅቷ ግን የእናቷን ዳሌ ወርሳለች፤ ጠዋት ልትወጣ ሞክራ ሁለት የቀሚስ ቁልፍ ገብራ ተመለሰች። አጥሩ ላይ ደግሞ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል።

«መኪናዋ እስክትወርድ እስረኛ ነሽ!» አሉ አባቷ እየሳቁ።

እሷም ሳቀች።

የዘንጉን ትልቅ ዳዶ፣ ጎማው እንዳይሽከረከር መኪናዋ ገና በአራት እግሯ ሳለች፣ ፈታ አደረጉት። ከዚያ ቀኟን በክሪክ አንስተው ብረት ደገፉላት። ጎማው ወረደ፤ ፍሬኑ ተፈቶ በሽቦ ተንጠለጠለ። ዘንጉን ጫፉ እንዳይበላሽ እንጨት አስደግፈው በመዶሻ እየመቱ አስወጡት። ይህን ሁሉ አባትና ልጅ ያለ ብዙ ንግግር ይሠሩታል። አባት እጃቸውን ሲዘረጉ የሚፈልጉት ቁልፍ መዳፋቸው ላይ ያርፋል።

መሃል ላይ ስልኳ ጮኸ። ሌላ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ነው። ደብዳቤውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«ነገርሻቸው?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲህ አስቢበት፣ እቴ። አንቺ እዚያ ስላለሽ እኮ ነው እኛ እፎይ ብለን የምንተኛው።»

ስልኩን ዘጋችው። ተናደደች። እሱ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ አባቱን አቅፎ ፎቶ ይነሣል፤ እፎይታው የእሱ ነው፣ ትንፋሹ የሚቆረጠው የእሷ።

ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ብረት ሞርሳ ላይ አስረው መቱት። የድሮው ኩሽኔታ ለሁለት ተከፍሎ ወጣ። እንዲህ ሆኖ የወጣ ተመልሶ አይገባም። ልጅቷ ግራሶውን በጨርቅ ጠርጋ አየችው። የተበላ ኩሽኔታ ምን እንደሚመስል ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ኳሶቹ የሚሮጡበት መንገድ ፈንጣጣ እንደ ጨረሰው ፊት ይቦረቦራል። ይሄ ግን እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ኳሶቹም አንድ ጭረት የለባቸውም። ጤነኛውን ገደሉት።

አባቷም አዩት። ትንሽ ቆይተው መሬት ላይ አስቀመጡትና፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋት፣ ባዶውን የኩሽኔታ ቤት በጨርቅ መወልወል ያዙ።

«አባባ፣ የግራው ነበር» አለች።

ዝም።

«አባባ! ጤነኛ ነው እኮ!»

ጨርቁ ይሽከረከራል። ያን ጊዜ ደሟ ፈላ። የታመመው ጎማ እንደታመመ ነው፣ መኪናዋ አንድ እግሯን ተቆርጣ ቆማለች፣ በሩ አይከፈትም፣ ሰኞ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። እኚህ ሰው ተሳሳትኩ ላለማለት ጀርባቸውን ይሰጧታል!

«እሺ፣ አይመልሱልኝ! ሥልጠና የሚባል ነገር የለም! ሥራ ይዣለሁ። ነገ እሄዳለሁ፣ ከሄድኩ አልመለስም። ሰምተዋል?»

ከማዶ ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት የልብስ መቆንጠጫ በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እሷ ሰምታለች። አባቷ ግን ዘወር ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«ግራሶውን አቀብይኝ እስቲ፣ ሚጣ» አሉ በፍቅር።

ልጅቷ ባዶውን የዘይት ቆርቆሮ አንስታ ከጀርባቸው በመዶሻ መታችው። ጣሪያ ላይ የነበሩ ወፎች በረው ሄዱ። የአባቷ ትከሻ ግን አልተነቃነቀም። እጃቸው አሁንም ግራሶ ይጠብቃል።

ግራሶው ሲዘገይባቸው ዞሩ። መዶሻውን አዩ፣ ቆርቆሮውን አዩ፣ ፊቷን አዩ።

«አወቅሽ» አሉ።

አንገቷን ደፍታ የሆነ ነገር ተናገረች።

«ቀና ብለሽ ተናገሪ። አፍሽን ካላየሁት ወሬሽ አይደርሰኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የቀኙ ጆሮዬ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። እናትሽ ታውቅ ነበር። የግራው ደግሞ ሲደክም ሲደክም ቆይቶ አምና ጭራሽ ተሰናበተኝ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ መኪና? በየሳምንቱ?»

«ፊትሽን እያየሁ ነዋ!» አሉ፣ ይህን አለማወቋ የገረማቸው ይመስል። «የታመመው ቦታ ላይ ስደርስ ይቺ ቅንድብሽ ብድግ ትላለች። እናትሽም እንደዚሁ ነበረች። ካቻቢቴውን እኔ እይዛለሁ፣ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። ትናንት ግን ፊትሽ ግድግዳ ሆነብኝ። ቀኝ ብጠመዝዝ ዝም፣ ግራ ብጠመዝዝ ዝም። በእጄ እንዳልዳስስ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ምን ላድርግ? ገመትኩ። ሐኪም ሲገምት ጤነኛ ይቀበራል።»

ልጅቷ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። «ነይ ብቻ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ» እያሉ ሥራ በሌላት ቅዳሜ ሁሉ የሚጠሯት ብቸኝነት ከብዷቸው ይመስላት ነበር። ለካ በእሷ ፊት ነው የሚሠሩት፣ በእሷ አፍ ነው ከሱቅ የሚገዙት። አሁን ይህን ያወቀች ልጅ እንዴት ብላ ነው ሻንጣ የምትጭነው? ደብዳቤውን ቀዶ መጣል ሳይሻል አይቀርም ብላ አሰበች።

አባቷ ቀና ብለው ወደ ፎቁ አዩ። ጎረቤቲቱ መቆንጠጫዋን እንደያዘች ናት።

«ይህች ሴት እንዲህ የምትደርቀው ትልቅ ወሬ ስትሰማ ነው» አሉ። «ከኋላዬ ምን አልሽ?»

«ምንም» የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። አባቷ ግን ከንፈሯን፣ ቅንድቧን፣ ዓይኗን እያዩ ጠበቁ። ለመዋሸት ፊቷን እንደገና መቆለፍ ነበረባት፤ አቅም አጣች። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ነገረቻቸው። ደብዳቤውን፣ ሰኞን፣ አለመመለሷን። አባቷ ከአፏ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«የዘጠኝ ሰዓት መንገድ?»

«የዘጠኝ ሰዓት።»

«በተበላ ኩሽኔታ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ጠረጉ፤ ለናሙና የተከፈለውን ኩሽኔታ ግማሽ ኪሳቸው ከተቱ። «ሱቁ ለምሳ ሳይዘጋ ለግራው ሌላ አንድ ላምጣ።»

«ብቻዎን? ቆዩ፣ አባባ፣ እኔ ልሂድ!» አለች እጃቸውን ይዛ።

በሩን በአገጫቸው አሳዩዋት። «እስረኛ ነሽ ብዬሻለሁ» አሉ። ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰብስበው በጎን ሾልከው ወጡ።

ልጅቷ ዓይኗን ክፍተቱ ላይ ለጠፈች። የምትታያት የመንገድ ቁራጭ ከመዳፏ አትሰፋም። የአባቷ ጀርባ አለፈባትና ጠፋ። ወዲያው ጥሩምባ ጮኸ፤ ረጅም፣ የማያቆም። ከዚያ ፍሬን አፏጨ።

«አባባ!»

መጥራቷ ምን ዋጋ አለው? በሩን በሁለት እጇ ሳበችው፤ የመኪናዋን አፍንጫ ገጭቶ ቆመ። አጥብቃ ስትስብ መኪናዋ ድጋፏ ላይ ተንቀጠቀጠች፤ ብትወድቅ በሩም ጭራሽ አይከፈትም። እጇን ለቀቀች። መጮህም፣ መሮጥም፣ ማየትም አልቻለችም። እንዲህ ተዘግቶባት አያውቅም።

ከዚያ ድምፅ መጣ። ራሱን የማይሰማ ሰው ድምፅ ስለሆነ ልክ የለውም፤ እስከ ሦስተኛው መንገድ ይሰማል።

«እኔ ጆሮ የለኝም! አንተ ዓይን የለህም እንዴ?»

አራት ዓመት የተደበቀ ምስጢር በአንድ ትንፋሽ ለሰፈሩ ታደለ። ጎረቤቲቱ መቆንጠጫዋን ጣለች። ልጅቷ ግንባሯን ብረቱ ላይ አሳርፋ እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ከሱቁ በኩል ያው ድምፅ ተሰማ። «ጮክ በል፣ ሰውዬ! አይሰማኝም እያልኩህ! ወይ ወረቀት ላይ ጻፍልኝ!»

ቀና አለች። መኪናዋ ነገ መንገድ አለባት፤ ረጅሙን ቁልፍና ማስረዘሚያ ቧንቧውን አነሣች። ግራው ጎማ መሬት ረግጧል፤ ከፊትና ከኋላው ድንጋይ ገብቶለታል። በመኪናዋና በግድግዳው መሃል በጎን ተሸጉጣ ቁልፉን የግራው ዘንግ ዳዶ ላይ አጠለቀች። ዳዶው እምቢ አለ። ቧንቧው ጫፍ ላይ ወጥታ በሙሉ ክብደቷ፣ በእናቷም ዳሌ ጭምር፣ ቆመችበት። ዳዶው ጮኸና ላላ።