በሦስት ይካፈላል

በዚህ ከተማ ውስጥ እኔ ያልጠገንኩት ሊፍት ካለ፣ ገና ያልተገጠመ ነው። ይህን ስናገር የእግር ጉዞ ክበባችን አባላት እርስ በርስ ተያይተው፣ «እንግዲህ ሲሶውን ጠግኗል ማለት ነው» ይላሉ። ልማዳቸው ነው። ነገሩ የተጀመረው ከአራት ዓመት በፊት፣ ከወንዝ ያወጣሁትን ዓሣ «ሜትር ከሃያ ነው» ብዬ ደረቴን ነፍቼ በማወራበት ሰዓት ነው። የጥርስ ሐኪሟ ጓደኛችን ዓሣውን ከቅርጫቴ አውጥታ ሣሩ ላይ አጋደመችውና በሜትር ለካችው። አርባ ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፌ የሚወጣ ቁጥር ሁሉ በሦስት ይካፈላል። «ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ቀርቶናል» ስል፣ ሦስት ነው ብለው የያዙትን ውኃ ሁሉ ይጨልጡታል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይመጣል። ይህን ግን ለእነሱ ነግሬያቸው አላውቅም።

ስሜንም ትተው «ሲካፈል» ይሉኛል። የሚስቴ ወንድም ዳቦ ጋጋሪው፣ ቤቴ ደውሎ ልጄን «ሲካፈል አለ?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም «አባዬ! ሲካፈል ትባላለህ!» ብላ ትጠራኛለች። እንግዲህ በገዛ ቤቴ እንዲህ ነው የምከበረው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ከከተማው ዳር ባለው ደን ውስጥ አንዲት የእንጨት ቤት አለች። ምድጃ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ሰፊ መስኮት፤ አለቀ። ቁልፏ ያለው በደን ጠባቂው እጅ ሲሆን፣ የሚፈልጓት ሁለት ክበቦች ናቸው፤ እኛና ከወንዙ ማዶ ያሉት። ሁለታችንም ቅዳሜን እንፈልጋለን፤ ሠራተኛ ሰው ከቅዳሜ በቀር ምን ቀን አለው? ደን ጠባቂው ጭቅጭቁ ሲሰለቸው አንድ መላ ዘየደ። በየዓመቱ አንድ ቀን ስለ ደኑ አራዊትና ከደኑ ስለሚገኝ ምግብ ጥያቄና መልስ ይደረጋል። ያሸነፈ ቅዳሜን፣ የተሸነፈ ረቡዕን ይወስዳል። ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፈናል። (በዚህ ጉዳይ የእኔን ድርሻ ከመናገር እቆጠባለሁ፤ ታውቁታላችሁ።)

ብንሸነፍ እኛ ምሳችንን ጉቶ ላይ ተቀምጠን እንበላለን፤ ሌላ የሚደርስብን ነገር የለም። የእማማ ግን ሌላ ነበር።

እማማ ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው። ጉልበታቸው ከከዳቸው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ወንድ ልጃቸው የሥራ ዕረፍት ያለው ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት በመኪና እስከ እንጨት ቤቷ በር ያደርሳቸዋል። እሳቸውም መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ሆድ ዛፍና በውስጡ የምትኖረውን ጉጉት በአቅራቢ መነጽር ሲያዩ ይውላሉ። የቀሩትን ስድስት ቀናት የሚያዩት ከአራተኛ ፎቅ መስኮታቸው ማዶ ያለውን ግድግዳ ነው። ማዶዎቹ ቅዳሜን ከወሰዱ ደግሞ ቦታ አይኖራቸውም፤ ቤቷ ስምንት ሰው ትይዛለች፣ እነሱ አሥራ አንድ ናቸው።

እማማን ያወቅኋቸው በሊፍት ነው። የሕንጻቸው ሊፍት በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መሃል እሳቸውን ይዞ ቆመ። እኔ ከላይ በጣሪያው ቀዳዳ አንገቴን አስገብቼ፣ ረዳቴ ዕቃ ገዝቶ እስኪመጣ እንዳይጨንቃቸው ሳጫውታቸው ቆየሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። እሺ፣ አርባ ደቂቃ። እኔ ስለ ሊፍት ጀግንነቴ ሳወራ እሳቸው በየመሃሉ ስለ ጉጉትና ስለ ንብ ያስገቡ ነበር። በማግስቱ ወደ ክበባችን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።

የውድድሩ ዕለት በማዘጋጃ ቤቱ መሰብሰቢያ ክፍል ተገናኘን። የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ፣ ሰባት ደቂቃ የሚቀድም የግድግዳ ሰዓት። ከየክበቡ ሦስት ሰው ይሰለፋል። መልሱን ወረቀት ላይ የሚጽፈው አለቃው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በጆሮው አንዲት መልስ ሹክ ማለት ይችላሉ፣ ከመልሷ ሌላ ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው። መልሱ ቁጥር ከሆነ የቀረበ ያሸንፋል። የእኛ አለቃ የጥርስ ሐኪሟ ነበረች። በግራዋ ዳቦ ጋጋሪው፣ በቀኟ እኔ። እማማ መንገዱን በእግሩ የማይሄድ አይወዳደርም ስለተባለ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

«ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ማደግ የማያቆም፣ ጆሮ ረጅም እንስሳ?» አለ ደን ጠባቂው።

ሐኪሟ ጥያቄው ሳያልቅ «ጥንቸል» ብላ ጽፋ አነሳች። «የእሱን ጥርስ የሚሠራ ሐኪም ሥራ አይፈታም» ስትል ቤቱ ሳቀ።

«የጫካ እንጆሪ መብሰሉ ሲለቅሙት በምን ይታወቃል?»

የሚስቴ ወንድም ክረምት ከበጋ እንጆሪ ሲቀቅል የሚኖር ሰው ነው። ሲነኩት በራሱ እንደሚለቅ በጆሮዋ ነገራት። እንዲህ እንዲህ እያልን ሰባት ለስድስት መራን። ሁለት ጥያቄ ቀረ። እማማ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ቀስ አድርገው መታ መታ ያደርጋሉ።

«ጉጉት አንገቷን እስከ ስንት ዲግሪ ማዞር ትችላለች?»

ልቤ ዘለለች። ይህንንማ እማማ በሊፍቱ ውስጥ ነግረውኛል! ወደ ሐኪሟ ጆሮ ተጠግቼ «ሁለት መቶ ሰባ» አልኩ። ጽፋ አነሳች። ፊት ለፊታችን የማዶዎቹ አለቃ፣ ሥጋ ሻጩ፣ «180» ብሎ አነሳ። እኔ አሸናፊነቴን ለማጣጣም ወደ ወረቀታችን ዞር አልኩ።

«90» ይላል።

«ዘጠናማ እኔም አዞራለሁ!» አለ ሥጋ ሻጩ፤ ያንን እንደ ግንድ የወፈረ አንገቱን ወደ ትከሻው ጠምዞ ለሕዝብ አሳየ። «ይኸው ጉጉት ሆንኩ!»

እማማ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ሁለት መቶ ሰባ ነበር» አለ ደን ጠባቂው። ሰባት ለሰባት።

ሐኪሟ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እኔን ሳይሆን እጇን ነበር የምታየው፤ የሰው እጅ በስህተት የተሰፋባት ይመስል። ገባኝ። አስባ አልነበረም ያካፈለችው። አራት ዓመት የለመደ እጅ ራሱ አካፈለው።

«የመጨረሻ ጥያቄ» አለ ደን ጠባቂው። «አንዲት የሻይ ማንኪያ ማር የስንት ንቦች የዕድሜ ልክ ድካም ነው?»

አሥራ ሁለት! ይህንንም እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ግን ቆም አልኩ። «አሥራ ሁለት» ብላት ይህቺ እጅ አራት አድርጋ ትጽፈዋለች። «እንዳታካፍዪ» እንዳልላት ክልክል ነው። ሰዓቱ ይሄዳል። ለእኔ አእምሮ ግን ይህቺ ምን አላት? ሦስት ጊዜ አሥራ ሁለት! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ አስቤ አላውቅም። ጠጋ ብዬ «ሠላሳ ስድስት» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ዐይኗ ውስጥ አንድ ነገር ነበር፤ ያኔ ምስጋና መሰለኝ። ብዕሩን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ጻፈች፤ አነሳች።

«36»።

ማዶዎቹ «20» ብለዋል። ደን ጠባቂው የመዝጊያውን ደወል መታ፤ ቅዳሜ የማዶዎቹ ሆነ።

«ለምን አላካፈልሽም?» ብዬ ጮህኩ።

«አንተስ ለምን አበዛህ?»

«ታካፍያለሽ ብዬ ነዋ!»

«አመንኩህ እኮ!» አለች፤ ድምጿ ሊሰበር ደርሶ። «ዛሬ እንኳ ልመነው ብዬ፣ እጄን በግድ ይዤ፣ አመንኩህ!»

የሚስቴ ወንድም ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «በአራት ዓመት አንድ ቀን ብትታመን...» ይልና ሳቁ ያቋርጠዋል። ማዶዎቹም ነገሩ ሲገባቸው ጣራው እስኪነሳ ሳቁ። ሥጋ ሻጩ ሆዱን ይዞ ወንበር ፈለገ። እኔም ልስቅ ጥርሴን ገለጥ አድርጌ ነበር፤ ያን ጊዜ እማማ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲነሱ አየሁ።

ወደኔ መጡ። «አሥራ ሁለት ነው» አሉ።

«አውቃለሁ እማማ።»

«ጉጉቷንም?»

«ሁለት መቶ ሰባ። በሊፍቱ ውስጥ ነው የነገሩኝ።»

«ያን ቀን ስታወራ እንጂ ስትሰማ አላየሁህም» አሉና እጄን መታ መታ አደረጉት። «ለካ ሰምተሃል።» ከዚያ ወደ በሩ እያዩ፣ «ይሁን፤ ግድግዳውም ቢሆን አንዳንዴ እርግብ ያርፍበታል» አሉ።

እንዲያው አንዲት የወቀሳ ቃል ብትወጣቸው ይሻለኝ ነበር። እርግቧ አንጀቴን በላችው። አፌም እንደ ልማዱ ከእኔ ቀደመ።

«ረቡዕ ረቡዕ እኔ አደርስዎታለሁ! እስከ ዓመቱ መጨረሻ! አርባ ረቡዕ!»

ቤቱ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። «አርባ ለሦስት» አለ ዳቦ ጋጋሪው እንባውን እየጠረገ፤ «አሥራ ሦስት ደርሶ አንድ ይተርፋል። አንዷን ለመኪናው ብልሽት እንተውለት።»

እማማም ፈገግ አሉ። «አሥራ ሦስትም ደግ ነው።»

አለቃዬን የረቡዕ ዕረፍት ስጠይቀው በቢሮው ወንበር ላይ ሆኖ አሥር ጊዜ ተሽከረከረ። በመጨረሻ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተለዋወጥን፤ እሱ የእኔን ረቡዕ፣ እኔ የእሱን ቅዳሜ። ቅዳሜ ጓደኞቼ ጫካ ሲገቡ እኔ የሊፍት ጉድጓድ እገባለሁ ማለት ነው። ለማንም አላማረርኩም፤ ማለት ከመቶ ሰው በላይ አልነገርኩም።

የመጀመሪያው ረቡዕ እማማ ግራሶ በሚሸተው የሥራ መኪናዬ ጋቢና፣ የመፍቻ ሣጥኔን ከእግራቸው ሥር አድርገው፣ አቅራቢ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሄዱ። ምድጃውን አነደድኩ። መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። «አሁን አታውራ» አሉኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ አላወራሁም። አካፍሉት፤ ሃያ ደቂቃም ለእኔ ታሪክ ነው። ጉጉቷ ከዛፉ ሆድ ብቅ አለች፤ አየችን፤ አላማርናትም መሰለኝ ተመለሰች። እማማ ግን እንደ ልጅ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

በሦስተኛው ረቡዕ መኪናው መንገድ ላይ ቀረ፤ በሥራ ባልደረባዬ መኪና ተጎትተን ደረስን። በሰባተኛው ጉንፋን ይዞኝ እያስነጠስኩ ጉጉቷን አባረርኩባቸው። ሐኪሟ በየሳምንቱ ማታ በስልኬ አንዲት ቁጥር ብቻ ትልክልኛለች። «ስምንት።» «ዘጠኝ።» በአሥራ ሦስተኛው ግን ረዘም አለ፤ «ሒሳብህን ጨርሰሃል፣ ተባረክ። አሁን ቅዳሜህን አስመልስና ና። የሚካፈል ጠፍቶ መንገዱ ረዝሞብናል።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እውነት አንድ ጊዜ ነው፤ ግን ቆይቼ። ባልደረባዬም በዚያው ቀን «ረቡዕህን መልሰህ አትወስድም ወይ?» አለኝ። ሁሉም ሒሳቡን ዘግቶ ቁጭ ብሏል። ከእኔ በቀር አርባን አርባ ብሎ የቆጠረ ሰው አልነበረም።

አሥራ አራተኛው ረቡዕ ዝናብ ነበር። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ። ዝም። ደግሜ አንኳኳሁ። እማማ የከፈቱልኝ በነጠላ ጫማና በቤት ጋውን ነው። አቅራቢ መነጽራቸው ከኋላቸው፣ በግድግዳው ትይዩ ባለው መስኮት ደፍ ላይ ተቀምጧል። ማንንም እንደማይጠብቅ ሰው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምነው፣ ሊፍቱ ተበላሸ?»

«ረቡዕ ነው እኮ እማማ።»

«አሥራ ሦስቱ አልቆ የለም እንዴ?»

«እማማ! እርስዎም አካፈሉኝ?»

አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «እኔም የክበቡ አባል ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ጋውናቸውን እያዩ፣ «ምንም አልለበስኩም፣ ጫማዬም...» ብለው ጀመሩና ተዉት፤ ዞረው ወደ ጓዳ ሲሄዱ ምርኩዛቸውን በሩ ላይ ረሱት። ጉልበት የሌለው ሰው እንዲያ ፈጥኖ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

ምርኩዛቸውን ይዤ፣ ሊፍቱ እንዳይዘጋ በአንድ እግሬ ደግፌ ቆምኩ። ከታች ሰዎች በር እየደበደቡ «ማነው ሊፍቱን የያዘው?» ይላሉ። «በጥገና ላይ ነው!» አልኳቸው። እማማ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው፣ መነጽራቸውን አንጠልጥለው እስኪወጡ አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀባቸው። ይህቺን እንኳ አታካፍሉ፤ ሰዓቴን ይዤ ነበር።