ከሶኬቱ አይንቀሉት

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር በሥራ መሃል ድርቅ ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ስክሪኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይዥጎደጎዳል፣ ማውሱ አልንቀሳቀስ ይላል። ባለቤቲቱ ታዲያ ሁልጊዜ ከሶኬቱ መንቀል ነው። ጭልም ሲል ትንሽ ልቧ ያርፋል።

ኮምፒዩተሩን የሚያሠራውን ሲስተም የጫነው የልጇ ባል ነበር። «ካልነካካህ እጅህ አያርፍም፣ ያንተ ጣጣ ነው» ብላ ካባረረችው ወዲህ ልጇም ደጇን አልረገጠችም። እሷም አልጠራቻትም። አንዴ ተናግራለች፣ ተናግራለች።

በመጨረሻ ጠጋኝ አስመጣች፤ የአማቿንም ጣጣ ነገረችው።

«እትዬ፣ ሲደርቅ ምን ያደርጋሉ?» አላት።

«እነቅለዋለሁ።»

«እሱ ነው ጉዱ። የታመመው የማሽኑ ዕቃ ከሆነ፣ ሲስተሙ ቢወድቅም ፕሮሰሰሩ፣ የማሽኑ አንጎል፣ የበሽታውን ዓይነት ይዞ ይቆያል። መብራት ካልተቋረጠበት ሲነሳ ይናገራል። እርስዎ እኮ በነቀሉት ቁጥር አፉን ይዘጉታል።»

«አፍስ ያለህ አንተ ነህ።»

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

እንዲጨናነቅ ብሎ ብዙ ፎቶ ባንዴ ከፈተበት። ብዙም ሳይቆይ ነጩ ጽሑፍ መጣ። እጇ ሳታዘው ወደ ግድግዳው ሶኬት ሄደ። ጠጋኙ የእጇን አንጓ ያዝ አድርጎ በሌላ እጁ የሪስታርቱን ቁልፍ ተጫነ። ማሽኑ ተነሳ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ስክሪኑ ላይ የወጣውን አነበበ።

«ፕሮሰሰሩ ነው፣ ከውስጡ ተበላሽቷል። ሲስተሙን የጫነው ሰው ምንም አላጠፋም። ማንም ቢጭነው ይወድቅ ነበር።»

የሆነ ነገር እንዲሰማት ጠበቀች፤ እፍረትም ይሁን እፎይታ። ምንም አልመጣም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ፕሮሰሰሩን እቀይርና ሲስተሙን እንደ አዲስ ልጫንልዎ?»

«ፕሮሰሰሩን ቀይር። ሲስተሙን የሚጭን አለኝ።»

ደወለች። ልጇ አነሳች።

«ባልሽን አገናኚኝ።»

ልጇ ስልኩን ለባሏ አቀበለችው። ከዚያ የሱ ድምፅ መጣ፣ «አቤት እማማ።»

«ማሽኑ ራሱ ነው አሉ። ያንተ እጅ የለበትም። ሲቀየር መጥተህ ጫንልኝ።»

ይቅርታ ማለት እንዳለባት ታውቃለች፤ ምላሷ ግን የሰው ምላስ ይመስል አልታዘዝ አላት።

«እሷንም ይዘሃት ና» አለች።

«እሺ ካለች» አለ።

ስልኩን አስቀምጣ በሩ ላይ ወደሚጠብቁት ደንበኞቿ ዞረች።

«ዛሬ ፎቶ የለም» አለቻቸው።